ተስፋን አስይዞ መበደር

የእንግሊዙ እግር ኳስ ክለብ ሊድስ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪዮ ፈርዲናንድን በ18 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ክለቡ በገፍ የተበደረው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ገቢ በየዓመቱ ይገባል በሚል ሒሳብ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ» ይሏል ይህ ነው። በ2001 ለግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም፣ በአገር ውስጥ ሊግ በአንድ ነጥብ ተበልጦ አራተኛ በመውጣቱ የቀጣዩ ዓመት ተሳትፎ አመለጠው። ገቢው ቀረ፤ ወለዱ ግን አልቀረም።

ፈርዲናንድ በ2002 በትርፍ ቢሸጥም ቀዳዳው አልተደፈነም። ገዢዎች የሻጩን ጭንቀት አውቀዋልና፣ በ12 ሚሊዮን ፓውንድ የተገዛው ሮቢ ኪን በ7 ሚሊዮን ወጣ። ክለቡም በ2004 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ።

ጥፋቱ መበደሩ አይደለም፤ ሊገኝ የሚችለውን እንደተገኘ መቁጠሩ ነው። አበዳሪም ቢሆን ገና ያልተሸጠ የስታዲየም ትኬትን በመያዣነት ሲቀበል ከተጠያቂነት አያመልጥም።