የተቃጠለው ዘይት ወዴት ይሂድ?

የመኪናን ዘይትና ፊልትሮ በቤት መለወጥ የሚያስፈራ ሥራ አይደለም። እኛም የቤተሰባችንን ራቭ ፎር ደልዳላ ሥፍራ ላይ አቁመን፣ ሞተሩን ጥቂት አሙቀን እናጠፋለን። በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባት ሞትን መጥራት ስለሆነ፣ በጠንካራ መቆሚያ እናስደግፈዋለን። ከዚያም በ14 ቁልፍ ብሎኑን ፈትተን አሮጌውን ዘይት በሳፋ እንቀበላለን። የአዲሱን ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ዘይት ቀብተን በእጃችን እናጠብቃለን፤ ብሎኑን ገጥመን አዲሱን ዘይት ስንጨምር ልኩን በመለኪያው ዘንግ እናያለን።

ታዲያ በሳፋው ውስጥ የቀረው 4 ሊትር ያህል ጥቁር ዘይት ወዴት ይሂድ? ቦይ ውስጥ የሚደፋው ሰው ጥቂት አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኛም አንድ ቀን ደፍተነዋል። ዳሩ ግን የአዲስ አበባ ቦይ ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፤ በአቃቂም ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። እንግዲህ በጓሮአችን የደፋነው ዘይት፣ ከሞተሩ የተፋቀውን ብረት ይዞ ወደ ማዕዳችን ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ዘይት በቤቱ የሚለውጥ ሁሉ ባዶ ጀሪካን አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ የተቃጠለውንም ዘይት አሽጎ ለሚሰበስብ ጋራዥ ያስረክብ። ይህ ሳይፈጸም ዘይት ለወጥን ብንል፣ እድፋችንን ከበራችን ወደ ጎረቤት በር አሻገርነው እንጂ ሥራውን አልጨረስነውም።