በአመክሮ የተፈታ ሰው ዳግመኛ ሲያዝ ስለ ዋስትናው

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፤ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ ጠባዩን ያሳመረ ሰው በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። ይህ ሰው የአመክሮው ዘመን ሳይፈጸም በሌላ ነገር ተጠርጥሮ የተያዘ እንደ ሆነ፤ ዋስ ይጠራ ዘንድ ይገባዋልን? ብዙ ሰው፤ «ትናንት ከወኅኒ የወጣ ምን ዋስ ያሻዋል!» ሲል እንሰማለን።

ነገሩ ግን እንዲህ ባጭር የሚቆረጥ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ ለተያዘ ሰው ሁሉ በዋስ የመፈታትን መብት ሰጥቶ፤ ፍርድ ቤት ሊከለክል የሚችለው ሕግ በለያቸው ልዩ ምክንያቶች እንደ ሆነ ይናገራል። መጠርጠርና መበደልም አንድ አይደሉም፤ ጎረቤቱ በቂም የከሰሰውም ይያዛልና። ይልቁንም በአመክሮ ያለ ሰው ስሙ ቀድሞ የጎደፈ ስለ ሆነ፤ በሰፈሩ ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው እርሱ ነው።

የተበዳዩን ሥጋት ማቃለላችን አይደለም። ይሸሻል፤ ምስክር ያባብላል፤ ዳግመኛ ይበድላል የሚያሰኝ ነገር የተገኘ እንደ ሆነ ዳኛው ይከልክል። ነገር ግን «አመክሮ ላይ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ዋስትናውን ቢነሣ፤ ገና ያልተመሰከረውን በደል በአሮጌው ቅጣት መፍረዱ ነው። አመክሮን መሻርና ዋስትናን መንሣት ሁለት ነገር ናቸው። ስለዚህ መርማሪው የቀድሞውን ፍርድ ብቻ ይዞ አይቅረብ፤ ሰውዬው ከተፈታ ወዲህ በምን ሥራ እንደ ኖረ፤ የታዘዘውንም ግዴታ ጠብቆ እንደ ሆነ ለችሎቱ ያስረዳ።