«የቤት ሰው ነው» ፓስወርድ አይደለም

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁና ታገሱኝ። በተለይ ሱቅ ያላችሁ፣ በሞባይል ገንዘብ የምታስገቡና የምታወጡ፣ የማህበር ገንዘብ የምትይዙ ሰዎች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከራሳችን ቤት ልጀምር። አጎቴ እዚህ ዋጃ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሱቅ አለው። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና ይሸጣል። ጎን ለጎን የሞባይል ገንዘብ ያስገባል፣ ያወጣል። ለዚህ ሥራ አንድ ስልክ አለች፤ ባንኮኒው ላይ ነው የምትውለው። የሚስጥር ቁጥሩን አጎቴ ያውቃል፣ ሚስቱ ታውቃለች፣ ትልቁ ልጁ ያውቃል፣ ሱቅ የሚያግዘው የእህቱ ልጅም ያውቃል። ምን ችግር አለው? ሁሉም የቤት ሰው ነው።

አንድ የገበያ ቀን ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 18 ሺህ ብር ጎደለ። ገንዘቡ ከቀትር በኋላ፣ ሱቁ በሰው በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ወደማይታወቅ ቁጥር ተልኳል። ማን ላከው? ስልኳ የምታውቀው ትክክለኛው ቁጥር መግባቱን ብቻ ነው። የማን ጣት እንደነካት አትናገርም።

ዓይን ሁሉ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። ከአራቱ ድሃው እሱ ነዋ! ልጁ አለቀሰ፣ ማለ፣ ተገዘተ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌ ደግሞ ምን ያድርግ? ማስረጃ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከከተማው ወጣ። እናቱ አክስቴ ናት። እስከ ዛሬ እሷና አጎቴ ለቅሶ ካላገናኛቸው አይተያዩም። 18 ሺህ ብሩ ተረስቷል፤ የወንድምና የእህት ነገር ግን እንደተሰበረ አለ።

እኔ ልጁ ነው ወይም አይደለም አልልም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልጁ ንጹህ ከሆነ ንጽህናውን የሚያሳይበት አንድም መንገድ አልነበረውም። ቁጥሩን ለአራት ሰው ስንሰጥ «አመንናችሁ» ያልን መስሎን ነበር። ለካስ አራቱንም ለጥርጣሬ አሳልፈን ሰጥተናቸው ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዲፕሎማዬ በአይሲቲ ነው፤ ሃይስኩል አስተምራለሁ። የሳይበር ደህንነት ሊቅ ነኝ አልልም፣ ግን አነባለሁ። በዚህ ሙያ ውስጥ «ዜሮ ትረስት» የሚባል አሠራር አለ። ቃሉን ወደኛ ስንመልሰው «ዜሮ እምነት» ነው። ስሙ ብቻውን ያስቀይማል አይደል? እኛ አገር «አላምንህም» ማለት ስድብ ነው።

ግን ትርጉሙ እንደዚያ አይደለም። በዚህ ስም እንዲታወቅ ያደረገው ጆን ኪንደርቫግ የሚባል ባለሙያ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ፎረስተር በሚባል የምርምር ድርጅት ሲሠራ። ከዚያ በፊት ድርጅቶች ኮምፒውተራቸውን የሚጠብቁት እንደ ግቢ ነበር። አጥሩን ማጠር፣ በሩ ላይ ዘበኛ ማቆም። አንዴ ከበሩ ያለፈ ሰው ግን ሳሎንም፣ ጓዳም፣ ጎተራም ቢገባ የሚጠይቀው የለም፤ «ውስጥ ያለ ሁሉ የኛ ሰው ነው» ተብሎ። ሌባ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ካገኘ ቤቱ የሱ ነው። ጉግልን የሚያህል ኩባንያ እንኳ በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ከተጠቃ በኋላ ነው አጥሩን ብቻ መታመኑን ትቶ የውስጥ አሠራሩን የቀየረው።

የዜሮ ትረስት ትምህርት ሲጨመቅ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከውስጥም ይምጣ ከውጭ የሚጠይቅህን ሁሉ በየጊዜው አረጋግጥ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለሥራው የሚበቃውን ብቻ ክፈትለት። ሦስተኛ፣ ሌባው አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም ብለህ ተዘጋጅ፤ ሲገባ ሁሉንም እንዳይወስድ ክፍሎቹን ለየብቻ ቆልፍ፣ ማን ምን እንዳደረገም ይመዝገብ።

ይኼ ለኛ አዲስ ነው? እስቲ ቅሬያችንን አስቡት። ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ሰብሳቢው ሌላ። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን ከፍቶ አይቆጥርም፤ ሌሎች ባሉበት ነው። ቄሱን ሌባ ነው ብለን ነው? አይደለም! ነገ አንድ ሰው ተነስቶ ቄሱን እንዳያማቸው ነው። አባቶቻችን ኮምፒውተር ሳያዩ ነገሩን ያውቁት ነበር። እኛ ነን ስልክ ስንይዝ የረሳነው።

በኔም ሙያ አለ። ፈተና ስፈትን ተማሪው ጠዋት አድሚሽን ካርዱን አሳይቶ ገብቷል ብዬ ከሰዓት አልተወውም፤ በየፈተናው ፊቱንና ፎቶውን አስተያያለሁ። አጥሩ ብቻ እንደማይበቃም አይተናል። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ሊጀመር የነበረው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዚያው ዕለት የተሰረዘው፣ ገና ተማሪው እጅ ሳይገባ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ነው። በፈተና ክፍሉ በር ላይ የሚደረግ ፍተሻ ይህን አያስቆምም።

ትልልቆቹም ጋ ነገሩ ያው ነው። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ገደማ የባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ የተዘረፈው ግድግዳ ተሰብሮ አይደለም። ሌቦቹ የባንኩን የራሱን የስዊፍት መለያ ይዘው፣ ባንኩን መስለው፣ ኒውዮርክ ካለው ሒሳቡ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንዲላክ አዘዙ። 81 ሚሊዮን ዶላር ፊሊፒንስ ገባ። ወደ ስሪላንካ ሊሄድ የነበረው 20 ሚሊዮን ግን ተረፈ። በምን? በተቀባዩ ድርጅት ስም ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ፊደሏ ተሳስታ ስለነበር አንድ ያስተዋለ ሰው «ቆይ፣ ይጣራ» በማለቱ።

የኛውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክንም አስታውሱ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ሰው ከሒሳቡ በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሌሊት ኤቲኤም ላይ የተሰለፉበት ማለት ነው። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የሲስተም ችግር ነው ብሏል። በእነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺህ ግብይት፣ በገንዘብ 2.4 ቢሊዮን ብር ገደማ መንቀሳቀሱ ተገልጿል፤ ሁሉም ያለአግባብ የተወሰደ ባይሆንም። ዜሮ ትረስት የሲስተም ስህተትን ሁሉ ያድናል እያልኩ አይደለም። ግን ሦስተኛው ትምህርት እዚህ ይሠራል። አንዱ ቁልፍ ሊከዳ እንደሚችል አስቦ ሁለተኛ ደወል ያላስቀመጠ ቤት፣ የሚነቃው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን ተቃውሞውን ልስማ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳወራው «ተው እንጂ! እኛ ራያ ውስጥ በመተማመን ነው የኖርነው። አንተ ዝምድናውን ልታቀዘቅዘው ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልክድም። በጦርነቱ ጊዜ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቋርጦ፣ ያኖረን ዱቤ ነው። ባለሱቁ «ሲከፈት ትሰጠኛለህ» እያለ ነው ልጆቻችንን ያበላን። ያን እምነት በምንም አልለውጠውም።

ግን ወንድሜ፣ የዱቤ ደብተሩን አስታውስ። ስም፣ ቀን፣ መጠን ይጻፍበት ነበር። ባለሱቁ ያመነው ሰውን ነው፤ ማስታወሱን ግን ለደብተሩ ነው የሰጠው። ደብተሩ በመኖሩ ማን ተጣላ? ደብተሩ ባይኖር ነበር የምንጣላው። ዜሮ ትረስትም ሰውን አትመን አይልም። ስልኩን፣ መልዕክቱን፣ ስክሪኑን በባዶ አትመን ነው የሚለው። ሌባ የወንድምህን ስም፣ የወንድምህን ፎቶ፣ የወንድምህን ቴሌግራም ለብሶ ሊመጣ ይችላል። ወንድምህን እመነው፤ የመጣው እሱ መሆኑን ግን አረጋግጥ።

«እኛ ትንሽ ሱቅ ነን፣ ይኼ የባንክ ነገር ነው» የሚልም አለ። ባንክ ብዙ ሲያጣ ባንክ ሆኖ ይቀጥላል። የአጎቴ ሱቅ 18 ሺህ ብር ሲያጣ የወሩ ዕቃ አልገባም። ትንሽ ስለሆንን ነው ይበልጥ የሚያስፈልገን።

ወጪ የለውም። ነገ ጠዋት መጀመር የምትችሉትን ልንገራችሁ።

1. ደንበኛ «ልኬልሃለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳያችሁ ዕቃ አታስረክቡ። ደረሰኝ በፎቶ ይቀየራል፣ መልዕክትም ይፈበረካል። የራሳችሁን ሒሳብ ክፈቱና ገንዘቡ መግባቱን እዩ። ኢንተርኔት ባይኖር ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ይታያል። ኔትወርክ ጭራሽ ከሌለ ሁለት ምርጫ ነው ያላችሁ፤ ወይ ጥሬ ገንዘብ፣ ወይ ደብተር ላይ በስም የተጻፈ ዱቤ። «ገብቷል መሰለኝ» የሚባል ነገር የለም።

2. አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው። ባለ ፈረቃው ሲቀየር ሒሳቡ ይታይ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ፤ የሚስጥር ቁጥሩም ይቀየር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

3. ሠራተኛ ሲለቅ፣ በፍቅርም ይሁን በጠብ፣ የሚያውቀው ቁጥር ሁሉ በዚያው ቀን ይቀየር። ይኼ ለሱም ይጠቅመዋል፤ ከሄደ በኋላ ለሚጠፋ ነገር አይጠየቅም።

4. የማህበር ገንዘብ በአንድ ሰው ትዕዛዝ አይውጣ። አንዱ ያዘጋጅ፣ ሌላው ያጽድቅ። ቅሬያችን እንደሚያደርገው።

5. በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ብር የሚጠይቅ ወዳጅ ሲመጣ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። «ኮድ መጥቶልሃል፣ ላክልኝ» የሚል ካለ፣ ጳጳስም ሆነ ሼህ ነኝ ቢላችሁ አትላኩ።

6. ቢሮ ያላችሁ ደግሞ፣ ፓስወርድ በወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ መለጠፍ ይብቃ። የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አምስት ሰው በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ ይሠራል። ነገ አንድ ቁጥር ቢቀየር ማን ይጠየቃል? አምስቱም፤ ወይም ከአምስቱ ድሃው።

አጎቴ አሁን ስልኳን ራሱ ብቻ ይይዛል፤ ሲወጣ ለሚስቱ በፊርማ ያስረክባል። መጀመሪያ ሲያደርጉት ተያይተው ሳቁ። ሰላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ሲፈራረሙ! አሁን ግን ለምደውታል። ባለፈው ሰሞን 300 ብር ጎደለና ደብተሩን ገልጠው ተመለከቱ፤ አጎቴ ራሱ ሳይጽፍ የላከው ነበር። አስር ደቂቃ አልፈጀም። ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልማለም።

ያን ደብተር ያኔ በ20 ብር ገዝተነው ቢሆን፣ የአክስቴ ልጅ ዛሬ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ቤት ተቃጥሏል፤ እናንተ ቤት ግን ገና ነው።

የምታውቁት ባለሱቅ ካለ ሼር አድርጉለት። የደረሰባችሁ ነገር ካለም ኮሜንት ላይ ጻፉት፣ እንማማርበት።

ቸር እንሰንብት።