ፓርቲሽን ከመንካታችን በፊት እናንብብ፣ ከጨረስን በኋላ እንጻፍ



በቅርቡ አንድ ወንድማችን ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ሊኑክስ ሊጭን ሞክሮ ነበር። በቴሌግራም የደረሰውን የስክሪን ፎቶ እያየ፣ ፎቶው ላይ የተመረጠውን እየመረጠ "ቀጥል" ይላል። የመረጠው ግን "ዲስኩን አጥፍተህ ጫን" የሚለውን ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የእህቱ የኒካህ ፎቶዎች፣ የአራት ዓመት ማስታወሻው ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሄደ። ሊኑክሱ ግን ያለ ምንም ችግር ተጭኗል!

ፎቶውን የለቀቀው ሰው ዋሽቷል? አልዋሸም። እሱ የጫነው ባዶ ዲስክ ላይ ነበር። ጥፋቱ ይህንኑ አለመጻፉ ነው።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በእጃችን ካሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ስለዚህ ወደ ሊኑክስ የሚያማትር ወጣት እየበዛ ነው። መልካም ነው። ነገር ግን በመጫን ሂደት ውስጥ ያሉት እርምጃዎች እኩል አይደሉም። ቋንቋ ብንሳሳት፣ ሰዓት ብንሳሳት፣ ኪቦርድ ብንሳሳት በኋላ እናስተካክላለን። ፓርቲሽን ላይ ከተሳሳትን ግን ብዙ ጊዜ መመለሻ የለውም።

ታዲያ ከማን እንማር? በዚህ ዓለም ከተጻፉት ጥሩ መመሪያዎች መካከል ተጠቃሚዎች ራሳቸው የጻፏቸው ይገኙበታል። አርች ዊኪን ውሰዱ። ስሙ የአርች ሊኑክስ ቢሆንም የኡቡንቱና የፌዶራ ተጠቃሚዎችም ያነቡታል። ጥንካሬው ነፃ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ የሚታረም መሆኑ ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ ያስተካክላል፤ ማን መቼ ምን እንደቀየረም ይታያል። ትናንት የተጎዳ ሰው ነገ የሚመጣው እንዳይጎዳ አንድ መስመር ይጨምራል።

እርማት ለምን እንዲህ አስፈላጊ ሆነ? ሦስት ምሳሌ እንይ።

አንደኛ፦ የድሮ መመሪያዎች "ስዋፕ ፓርቲሽን የራምህን እጥፍ አድርግ" ይላሉ። ያ ምክር ራም ጥቂት በነበረበት ዘመን ያስኬድ ነበር። ዛሬ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ሰው ቃል በቃል ከተከተለው ከ256 ጊጋባይት ዲስኩ 32ቱን በከንቱ ይሰጣል። ኡቡንቱ ከ17.04 ጀምሮ በተለመደው አጫጫን የተለየ ስዋፕ ፓርቲሽን ትቶ በፋይል መጠቀም ጀምሯል። የድሮው ምክር ግን እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ሁለተኛ፦ በድሮው የኤምቢአር አሠራር ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽን መፍጠር አይቻልም ነበር፤ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ዲስክም በተለመደው አሠራር ሙሉውን አይጠቀምበትም። አዲሱ ጂፒቲ በተለመደው አሠራር እስከ 128 ፓርቲሽን ይይዛል። ለአንዱ የተጻፈው ለሌላው ሲውል ሰውን ያደናግራል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። "የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን በፋት 32 ፎርማት አድርግ" የሚል መስመር አለ። ባዶ ዲስክ ላይ ትክክለኛ ምክር ነው። ዊንዶውስ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ግን ያው መስመር የዊንዶውሱን ማስነሻ ያጠፋዋል። እዚያ የሚፈለገው ያለውን ፓርቲሽን ሳይነኩ አብሮ መጠቀም ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አንዱን ይረዳል፣ ሌላውን ይጎዳል!

"ቪዲዮ አለ አይደል?" ትሉ ይሆናል። አለ፤ ለማየትም ይጠቅማል። ነገር ግን ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ያለው ስህተት እንዴት ይታረማል? "በእንግሊዝኛ ሞልቷል" የሚልም አለ። እውነት ነው። ግን ሌሊት ብቻውን ቁጭ ብሎ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የመጣበት ልጅ ግማሹን ካልተረዳ ይገምታል። ፓርቲሽን ላይ መገመት ደግሞ ፋይልን በዕጣ እንደማስያዝ ነው።

ስለዚህ በአማርኛ እንጻፍ። ስንጽፍ ግን የሚከተሉትን አንርሳ፦

➊ ቀኑንና የሊኑክሱን ስሪት እንጻፍ።

➋ ኮምፒውተሩ ዩኢኤፍአይ ነው ወይስ የድሮው ባዮስ? ዲስኩ ባዶ ነበር ወይስ ዊንዶውስ ነበረበት? ይህን ከላይ እናስቀምጥ።

➌ የመጀመሪያው እርምጃ ባክአፕ ይሁን። ያውም በሌላ ዲስክ ላይ። እዚያው ዲስክ ላይ ወዳለ ሌላ ፓርቲሽን የተገለበጠ ባክአፕ አይባልም።

➍ ዲስኩን በስሙ ብቻ ሳይሆን በመጠኑም እንለየው። የሰካነው ፍላሽም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይታያልና።

➎ ዊንዶውስ ካለ የቢትሎከር ቁልፉን አስቀድመን እንያዝ፣ ፋስት ስታርትአፕን እናጥፋ፣ ቦታውንም ከራሱ ከዊንዶውስ ውስጥ እንቀንስ።

➏ የእኛን ኑሮ እንጻፍ። መብራት መሀል ላይ ቢሄድስ? ላፕቶፑ የቤተሰቡ ሁሉ ቢሆንስ? ይህን ከውጭ የመጣ መመሪያ አይነግረንም።

➐ ያልሞከርነውን "አልሞከርነውም" እንበል። ይህ አያሳፍርም፤ ሰው ያድናል።

የጻፍነውንም በአንድ ቦታ ብቻ አናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2008 ተጠቃሚዎች ለጄንቱ ሊኑክስ ያዘጋጁት መደበኛ ያልሆነ ዊኪ በቂ ባክአፕ ስላልነበረው ዳታቤዙ ጠፋ። ሰዎች ለዓመታት የለፉበት ጽሑፍ ነበር። መካሪም ምክሩን ካልተከተለ ይጎዳል።

ወንድሞችና እህቶች! ሰው የእኛን ጽሑፍ አምኖ "ቀጥል" የሚለውን ሲጫን ፋይሉን በእጃችን አስቀምጧል። ይህ አማና ነው። ያላጣራነውን ፎቶ ሼር ማድረግ ቀላል ነው፤ የወንድማችንን የመመረቂያ ጽሑፍ መመለስ ግን አልቻልንም።

በዚህ ወር ሊኑክስ የጫነ ሁሉ አንድ ገጽ ይጻፍ። ያነበበም ስህተት ካየ ዝም አይበል፣ ያርም። ያ ወንድማችን ዛሬ የራሱን ገጽ እየጻፈ ነው፤ የመጀመሪያው መስመሩም "ዲስኬ ባዶ አልነበረም" ይላል።