የእናት ክፍል የት ይሁን?

ባቱ ላይ ቤት ሊሠራ ያሰበ አንድ ወዳጄ ፕላኑን ይዞ መጣ። ቦታው 7 ሜትር በ20 ሜትር ነው፤ ግራና ቀኙ የጎረቤት ግንብ። ከፊት ሰፊ ሳሎን፣ ከዚያ ረጅም ኮሪደር፣ መጨረሻው ላይ የእናቱ መኝታ ቤት።

«እናትህ ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?» አልኩት። ዝም አለ። መጸዳጃ ቤቱ ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው።

ጠባብ ቦታን የሚበላው ኮሪደር ነው። 1 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ርዝመት ካለው 12 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ 3 በ4 የሆነ መኝታ ቤት ማለት ነው። ሳሎኑን መሀል ብናደርገው ክፍሎቹ ከፊትና ከኋላ ይገጥሙታል። ልጆቹ በእንግዳ ፊት ማለፋቸው አይቀርም፤ ኮሪደሩ ግን ይቀራል። ከተረፈው ላይ 2 በ3 ሜትር ክፍት ቦታ ከሳሎኑ ጎን ብንተው ብርሃንና አየር ያስገባል።

የእናቱን ክፍል ወደ ፊት፣ ከበረንዳው አጠገብ አመጣነው፤ መጸዳጃ ቤቱንም ከጎኑ። በሮቹ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሯቸው ደፍ ባይኖራቸው፣ ነገ ምርኩዝ ወይም ዊልቸር ቢመጣ አይቸገሩም።

ባቱ ሞቃት ናት፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታውን ምዕራባዊ ግድግዳ ከተቻለ ለዕቃ ቤት ይተዉት። የደንበል ሐይቅ ቅርብ ነውና የመስኮቱን የትንኝ ወንፊትም አይርሱ።

እናቱ አዲሱን ፕላን ሲያዩ «የሚገባ የሚወጣውን ካየሁ ይበቃኛል» አሉ።

እርስዎስ ፕላኑን ከማጽደቅዎ በፊት የሚኖሩበትን ጠይቀዋል?