የሚበርረው ቮልጋና ሰውን አልፎ መሄድ

የቅዱሳንን ገድል እየሰማ ያደገ የሰቆጣ ወይም የአበርገሌ ሰው፣ ጀግናው በሰማይ ስለ በረረ ብቻ አንድን ፊልም አያደንቅም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው፣ አቡነ አረጋዊም በዘንዶ ተስበው ደብረ ዳሞ እንደ ወጡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃልና። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ኃይሉን ያገኘው በምን ተጋድሎ ነው? በገድላችን ሥርዓት ክንፍ የሚመጣው ከብዙ ጸሎትና ተጋድሎ በኋላ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በሩሲያ የወጣው፣ አሌክሳንደር ቮይቲንስኪና ድሚትሪ ኪሴልዮቭ ያዘጋጁት «ጥቁር መብረቅ» የተባለው ፊልም ግን ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ የወደድኩትም ስለዚሁ ነው። ዲማ የተባለው የሞስኮ ተማሪ አንዳች ሳይደክም፣ አባቱ ለልደቱ በሰጡት አሮጌ ቮልጋ መኪና ውስጥ በሶቪየት ዘመን ሊቃውንት የተሠራ የመብረር ምሥጢር ያገኛል። ያን ያህል ኃይል በእጁ ሲገባም መጀመሪያ የሚያውለው አበባ በፍጥነት እያደረሰ ገንዘብ ለመልቀምና የወደዳትን ልጅ ለማስደነቅ ነው። ኩፕትሶቭ የተባለው ባለጸጋ፣ ሰው ለራሱ ብቻ ቢሮጥ እንደሚያልፍለት የሚሰብከው ስብከት በልቡ ገብቶ፣ አንድ ምሽት እርዳታ የሚሻውን ሰው ትቶ ያልፋል፤ ወዲያው የአባቱን ሞት ይረዳል።

ዲማ አልሰረቀም፣ አልገደለም፣ ክፉም አልተናገረም። ካህናቶቻችን ኃጢአትን በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ብለው ሲከፍሉት፣ የዚህ ልጅ በደል ከሦስቱ በየትኛው እንደሚመደብ ለመናገር ያስቸግራል፤ በወንጌሉ ምሳሌ የቆሰለውን ሰው አይተው በማዶ ያለፉት ካህንና ሌዋዊም እንዲሁ በእጃቸው የሠሩት ክፋት አልነበረም። ብዙ የአሜሪካ ፊልሞች ኃጢአትን በክፉው ሰው ላይ ብቻ ጭነው ጀግናውን ንጹሕ ሲያደርጉት፣ ይኸኛው ጀግናውን ራሱን በደለኛ አድርጎ ወደ ንስሐ ይመራዋል። የመጨረሻው የሰማይ ላይ ግብግብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሕፃናት ደስታ የተጨመረ ይመስለኛል።

የሚበርር ኃይል በራሱ መልካምም ክፉም አለመሆኑን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የመጡት የሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ለተራበው እህል አመላለሱ፤ እነዚሁ የሶቪየት ክንፎች ደግሞ ገበሬውን ከቀዬው አንሥተው ወደ ሰፈራ ለመውሰድ አገለገሉ፤ በዚያ ጉዞ ከቤተሰቡ የተነጠለም ብዙ ነበር። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ ልዩነቱ ያዘዘው ሰው ኅሊና ላይ ነው። ከዚያ ወዲህም፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ደርሶ ሲጠለል፣ ያለውን ያካፈለው ጎረቤት አንዳች ክንፍ አልነበረውም፤ ብዙው ራሱም የተቸገረ ነበር።

ስለዚህ ይህን ፊልም በስልካችሁ ለምትመለከቱ ወጣቶች አንድ ልመና አለኝ፤ ቮልጋው ከመሬት የሚነሣበትን ትዕይንት አንድ ጊዜ ብታዩት ይበቃል፤ ዲማ ሰውን ትቶ የሚያልፍበትን ግን መልሳችሁ እዩት።