ጤናችን፦ ፍየሏ ብትጨነግፍ እኛን ምን አገባን?

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ጀሪካን ንጽሕና መጫወታችን ይታወሳል። የዛሬውን ርዕስ ያመጡልን አንዲት እናት ናቸው። «የጎረቤቴ ፍየል ጨነገፈች። ወተቷን ግን ለልጆቼ እየገዛሁ ነው። ልተወው ወይስ ምንም ችግር የለውም?» ብለው ጠይቀውናል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው፦ ፍየሏን የእንስሳት ሐኪም እስኪያያት ድረስ ወተቷ ቢቀር ይሻላል። ከሌላም ፍየል ቢሆን ያልፈላ ወተት ለልጅ አይሰጥም። ረጅሙ መልስ ግን እዚህ ካኩማ ለምንኖር ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ እነሆ ብለናል።

በግና ፍየል የሚጨነግፉበት ምክንያት ብዙ ነው። ረሃብም ዱላም ያስጨነግፋል፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትም እንዲሁ። ከነዚህ ምክንያቶች አንዱ ብሩሴሎሲስ ወይም የውርጃ በሽታ የሚባለው ነው። ክሊኒክ ስንሄድ «ብሩሴላ» ሲሉ የምንሰማው ይሄንኑ ነው። ኬንያም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ቅድሚያ ይሰጣቸው ብለው ከመረጧቸው ውስጥ አንዱ ይሄ በሽታ ነው።

ደህና የምትመስል ፍየል

የዚህ በሽታ ክፋቱ እንስሳዋ ላይ አለመታየቱ ነው። ፍየሏ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ጠጉሯም ያምራል። ብዙ ጊዜ የምትጨነግፈው እርግዝናዋ ከገፋ በኋላ፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ነው። ከዚያ በኋላ በደህና ልትወልድ ትችላለች። ባለቤቷም «ዳነች» ይላል። በሽታው ግን በጡቷና በማህፀኗ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ከጨነገፈች ወይም ከወለደች በኋላ ከማህፀኗ በሚወጣው ፈሳሽ ተህዋሲውን ከ2 እስከ 3 ወር ልትረጭ ትችላለች። በወተቷ በኩል ደግሞ ከዚያም ለረጀመ ጊዜ ይወጣል። አውራው ፍየል ወይም አውራው በግ ቆለጡ ሊያብጥ ይችላል። አንዳንዴ ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ መንጋውን ይበክላል።

ይሄንን ነገር ዓለም ያወቀው በማልታ ደሴት ነው። እዚያ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በማይለቅ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለው የጦር ሐኪም ተህዋሲውን ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ አገኘው፤ የበሽታው ስምም ከሱ ስም የመጣ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን ለብዙ ዓመት አልታወቀም። በ1905 የማልታው ተወላጅ ዶክተር ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ፍየሎቹን መረመረ። ጤነኛ የሚመስሉት ፍየሎች በሽታውን ተሸክመው ተገኙ። በ1906 ወታደሮቹ ያልፈላ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከሉ ትኩሳቱ በዚያው ዓመት በጣም ቀነሰ። ወተቱን እንደ ድሮው መጠጣት የቀጠለው የከተማው ሕዝብ ግን ገና ብዙ ዓመት ታመመ። ወታደሮቹን ያዳናቸው መድኃኒት ሳይሆን ወተቱን መተው ብቻ ነበር።

አደጋው የሚበዛው የት ነው?

በሽታው ከመንጋ ወደ መንጋ የሚሄድባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። የተለያየ ሰው መንጋ በአንድ ውኃና በአንድ ግጦሽ ሲገናኝ፣ ከገበያ የተገዛ እንስሳ ሳይለይ በቀጥታ ሲቀላቀል፣ አውራ ፍየል ለማስጠቃት ሲዋዋሱ፣ የጨነገፈችው ከእርጉዞቹ ጋር ስታድር፣ በግ፣ ፍየል፣ ከብትና ግመል አብረው ሲውሉ ማለት ነው። በድርቅ ጊዜ መንጋ ሁሉ ያለችው ጥቂት ውኃ ላይ ስለሚሰበሰብ አደጋው ይብሳል። የጨነገፈውን ሽልና የእንግዴ ልጁን ሜዳ ላይ መጣልም አለ፤ ውሻ እየጎተተ በየአጥሩ ያዳርሰዋል። ጠራራ ፀሐይ ተህዋሲውን በሰዓታት ውስጥ ይገድለዋል። በጥላና በእርጥብ ፍግ ውስጥ ግን ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት ይቆያል።

ይሄን ስንል ጣታችንን ወደ ቱርካና ጎረቤቶቻችን መቀሰራችን አይደለም። ፍየል ኑሯቸው ናት። በሽታው ሲገባም ግልገላቸውንና ወተታቸውን የሚያጡት፣ ቀድመው የሚታመሙትም እነሱ ናቸው። እኛም ሥጋውንና ወተቱን የምንገዛው ከነሱ ስለሆነ ጉዳዩ የጋራ ነው።

ወደ ሰው የሚገባው ደግሞ በዋናነት በሁለት በር ነው። አንደኛው በር እጃችን ነው። በባዶ እጅ ፍየል የሚያዋልድ፣ የእንግዴ ልጅ የሚጎትት፣ የጨነገፈውን የሚያነሳ ሰው፣ እንዲሁም እጁ ላይ ቁስል ይዞ የሚያርድና ሆድቃ የሚያጥብ ሰው ይጋለጣል። ሁለተኛው በር አፋችን ነው። ያልፈላ ወተት፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ፣ አይብና ቅቤ በሽታውን ያመጣል። «እርጎ ሲኮመጥጥ ይሞታል» የሚባለው አያስተማምንም። «የግመል ወተት መድኃኒት ነው» ተብሎ በጥሬው የሚጠጣውም ከዚህ አያመልጥም። ጾም ሲፈታ የምንወደው ለብ ለብ ያለ ዱለትም እንዲሁ። ጉበትና ጣፊያ ከሥጋው ይልቅ ተህዋሲውን ሊይዙ ይችላሉ። ጥሬ ጉበት በሚጥሚጣ የምትሉ ወንድሞቻችን፣ ሚጥሚጣው አፍ ያቃጥላል እንጂ ተህዋሲ አይገድልም!

«ወባ ነው» የሚባለው ትኩሳት

ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሌሊት ላብ ያጠምቃል። ወገብና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ራስ ያማል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ምግብ ያስጠላል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ወባና ታይፎይድ ይመስላል። አንዳንዱ ሰው የወባ መድኃኒት ሁለት ሦስት ጊዜ ይወስዳል፣ ያለችውን ሳንቲም ለፋርማሲ ይጨርሳል፣ ትኩሳቱ ግን ይመላለሳል። ሥራ ሲያቅተው ደግሞ «ሰንፎ ነው»፣ «ሐሳብ ነው» ይባላል። ወንዶች ላይ ቆለጥ ሲያብጥ በኀፍረት ይደበቃል። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲሆን ጽንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። የእሷ ጥፋት ግን አይደለም።

ስለዚህ ትኩሳቱ ተመላልሶባችሁ ክሊኒክ ስትሄዱ ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ያልፈላ ወተት ጠጥቻለሁ፤ ፍየል አዋልጃለሁ ወይም አርጃለሁ፤ የወባ መድኃኒት ወስጄ አልተሻለኝም። ሐኪሙ ይሄን ካልሰማ ብሩሴላን ላያስበው ይችላል። ሮዝ ቤንጋል የሚባል የደም ምርመራ ስላለ ጠይቁ።

በሽታው ይድናል። ነገር ግን እንደ ሌላው በአምስት ቀን እንክብል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ ይሰጣል፤ እንክብሉም 6 ሳምንት ይወሰዳል። በ2 ሳምንት ሲሻላችሁ ካቆማችሁት ተመልሶ ይነሳል፤ አከርካሪን፣ አልፎ አልፎም ልብን ሊጎዳ ይችላል። ለነፍሰ ጡሮችና ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው መድኃኒት የተለየ ስለሆነ የሌላ ሰው እንክብል መካፈል የለም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ የታመመን ሰው አንሽሽ። ይልቅ ከአንድ ማሰሮ የጠጣ ቤተሰብ ካለ ሌላውም ይመርመር።

እንግዲህ ምን እናርግ?

1. ወተት ሁሉ ይፍላ። «ማገዶ ከየት?» እንደምትሉ እናውቃለን። ረጅም ማፍላት አያስፈልግም፤ አንዴ ገንፈል ካለ በቂ ነው። ወተቱ አብሮ የፈላበት ሻይም አያሰጋም። እርጎ የሚፈልግ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ያርጋው።

2. ጉበቱም ዱለቱም በደንብ ይብሰል። ጥሬውን የነካ ቢላዋና እጅ በሳሙና ይታጠብ።

3. ፍየል ስትወልድ በባዶ እጅ አትንኩ። ጓንት ከሌለ ያልተቀደደ ፌስታል እጅ ላይ ማሰር ከምንም ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ልጆች ከቦታው ይራቁ።

4. የጨነገፈውንና የእንግዴ ልጁን ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ፣ ወይም አቃጥሉ። ቦታውን በበረኪና እጠቡ።

5. የጨነገፈችውን ለይታችሁ አቆዩ፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኞችም ንገሩ። ወደ ገበያ ወስዶ ለሌላ ሰው መሸጥ ግን በሽታውን ማሻገር ነው።

6. ለበግና ለፍየል ክትባት አለ፤ ሬቭ 1 ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ለሆናቸው ግልገሎች የሚሰጥ ነው። እርጉዟን ሊያስጨነግፍ፣ መርፌው ከወጋም ሰውን ሊያሳምም ስለሚችል በባለሙያ ብቻ ይሰጥ። ለሰው የሚሆን ክትባት ግን የለም።

ይሄን ጽሑፍ ያነበባችሁ ደግሞ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት፤ ስዋሂሊ ወይም ቱርካንኛ የምትችሉም ወተት ለሚያመጡልን እናቶች ንገሩልን። ሌላ ጥያቄ ካላችሁ እንደተለመደው ጽፋችሁ ላኩልን። እስከሚቀጥለው እትም በጤና ያቆየን!